እሞላልሻለሁ

ናሆም ውኃውን ሳይለካ ቁጥር እንደሚጽፍ ከሁለተኛው ቅዳሜ ጀምሮ አውቅ ነበር። ዝም ብዬ አምስተኛውን ቅዳሜ ጠበቅኩ።

የምንጫወተው ሸዋ ሮቢት፣ ከጠይባ ፎቶ ኮፒ ቤት ጀርባ ባለችው ክፍል ነው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንጀምራለን፤ በዚያ ሙቀት ኮፒ ፈልጎ የሚመጣ ሰው የለም። ጨዋታው በጠረጴዛ ዙሪያ የሚነገር ጉዞ ነው። እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ሰው ሆኖ ይናገራል፣ ይወስናል። መሪው ደግሞ አገሩን፣ አየሩንና በመንገድ የሚገጥማቸውን ሁሉ ይሆናል። ዕድል የሚቆረጠው ከአንድ እስከ ሃያ ቁጥር በጻፍንባቸው ቆርኪዎች ነው፤ ሳያዩ ከከረጢት አንድ ማውጣት ነው።

ያለፈውን ጨዋታ የመራው ናሆም ነበር፤ አፍ አለው። ዘንድሮ ተራው የእኔ ሆነ። በረሃ መረጥኩ፦ ከአፋር ጨው ጭኖ ወደ አሊዩ አምባ የሚወጣ የግመል ሲራራ።

የመጀመሪያው ቀን አፈርኩ። ሁሉም ዝም ብለው ሲጠብቁኝ የመጣልኝ የለመድኩት ብቻ ነበር።

«ነፋስ ከምሥራቅ፣ መካከለኛ። ደመና የለም። ሙቀት አርባ አንድ» አልኩ።

«ይሄ በረሃ ነው ወይስ የአየር ትንበያ?» አለ ናሆም።

ጠይባ በሳቅ ፈረሰች። «ተዋት፣ ልማድ ሆኖባት ነው! ስድስት ዓመት ዝናብ ስትለካ የኖረች ልጅ እኮ ናት።»

ናሆም ሳቁን አቆመ። ማቆሙን አየሁ።

ስድስቱን ዓመት የለካሁት ከእሱ ጋር ነው። በአንድ ጣቢያ፣ በፈረቃ። ከሁለት ዓመት በፊት በሐምሌ፣ ሌሊቱን አባቴ አጣዬ ላይ ማረፉ ተነገረኝ። ፈቃድ የምጠይቀው አለቃ አልነበረም። ናሆም ትከሻዬን ይዞ «ሂጂ፣ እኔ እሞላልሻለሁ» አለኝ። የዝናብ መመዝገቢያ ቅጹን ማለቱ ነው። ሄድኩ፤ ሦስት ቀን ለቅሶ ተቀመጥኩ።

በነዚያ ሦስት ቀናት የሮቢ ወንዝ ሞልቶ የታችኛውን የሽንኩርት ማሳ ጠርጎ ወሰደው። በእኔ ስም በተሞላው ቅጽ ላይ ግን ዝናቡ 4.8፣ 8.4፣ 4.4 ሚሊ ሜትር ነበር። አጠገባችን ያለው እርሻ የራሱ መለኪያ አለው፤ በአንዱ ቀን ብቻ ስድሳ ሁለት ይዟል። ናሆም ሲጠየቅ «የትም አልሄደችም፣ ራሷ ናት የሞላችው» አለ። ቁጥር ደግሞ የማንም እጅ ይመስላል። የስንብት ደብዳቤዬ ላይ «ሳትለካ የምትጽፍ» ተብሎ ተጻፈ። ከዚያ ወዲህ የሥራ ማመልከቻ ባስገባሁበት ሁሉ ያ ቃል ቀድሞኝ ይደርሳል። የምፈልገው እሱን ቃል ማስፋቅ ነው፤ ያውም በጻፈው ሰው ፊት።

የጻፈው ሰው ጋሽ አብዱልመሊክ ነው፤ ጣቢያዎችን የሚቆጣጠረው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ያየውን ወረቀት ነው ያመነው። አያቱ ከአሊዩ አምባ ሲራራ ይወርዱ እንደነበር ከተማው ያውቃል። የሲራራ ጨዋታ እንዳለን ስነግረው ትንሽ አሰበና መጣ። ስለ ደብዳቤው እሱም አላነሣም፣ እኔም አላነሣሁም። ናሆም ሲያየው ደነገጠ፤ ጥቂት ቆይቶ ግን ተረጋጋ። የረሳሁ መስሎታል።

ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ለእያንዳንዳቸው አፉ የተቆረጠ ሀይላንድ ሰጠሁ። የውኃ ኮዳ እንዲመስል ዙሪያውን በጆንያ ሰፍቼዋለሁ፤ ውስጡ ከላይ ካልሆነ አይታይም። በመጀመሪያው ቅዳሜ ሁሉም ሃያ ሴንቲ ሜትር ውኃ ያዘ። በየሳምንቱ ጨዋታው ሲያልቅ አንድ ስኒ ይደፋል፤ ሰውየው የጠጣው ነው። የተረፈው መስኮቱ ላይ ክፍቱን ይሰነብታል፤ ፀሐይዋም ድርሻዋን ትጠጣለች። በቀጣዩ ቅዳሜ እያንዳንዱ የራሱን በማስመሪያ ለክቶ በራሱ ደብተር ይጽፋል። ማንም የማንንም አያይም።

ሌላው ሕግ ዳጉ ነበር። የአፋር ሰው መንገድ ላይ ሰው ሲያገኝ ቆሞ ያየውንና የሰማውን በእውነት ይነግራል፣ ይነገረዋል፤ ዳጉ ማለት ይሄ ነው። በጨዋታችን ዳጉን በእውነት የተናገረ ሰው ውኃ አይከለከልም።

ጠይባ ጎንበስ ብላ ትለካለች። ጋሽ አብዱልመሊክ መነጽሩን አውልቆ፣ ዓይኑን ከውኃው ትክክል አድርጎ ይለካል። ናሆም ከወንበሩ አይነሣም። ወደ መስኮቱ ያያል፣ ይጽፋል። በየሳምንቱ የተለያየ ቁጥር ስለጻፈ ማንም አልጠረጠረውም።

ከአምስተኛው ቅዳሜ በፊት ባለው ሐሙስ፣ ጠይባ ሱቁን ለእኔ ትታ ወጣ ስትል፣ የናሆምን ሀይላንድ እስከ አሥራ ሰባት ሞላሁት።

ቅዳሜ ደረሰ። ሲራራው የመጨረሻው ጉድጓድ ሊደርስ ግማሽ ቀን ቀርቶታል። ሁለቱ ለኩ፤ አንዱ ከወንበሩ ጻፈ።

«በሉ አንብቡ» አልኩ።

«6.1» አለች ጠይባ።

«5.7፣ አልሐምዱሊላህ» አለ ጋሽ አብዱልመሊክ።

«4.4» አለ ናሆም።

በመጀመሪያው ቅዳሜ አጥፌ፣ በስቴፕለር መትቼ፣ ሦስቱንም በላዩ ያስፈረምኳቸውን ወረቀት ከፈትኩ። «ከመጨረሻው ጉድጓድ በፊት ከአምስት ሴንቲ ሜትር በታች የቀረው ሰው በጥም ይወድቃል» ይላል።

«ያለ ቆርኪ?» አለ ናሆም።

«ያለ ቆርኪ።»

«ውይ ናሆሜ፣ አሸዋ ላይ ቀረህልኝ!» አለች ጠይባ።

«ቆይ፣ ቆይ። እንደገና ልለካ።»

«እንደገና?» አልኩ።

ተነሥቶ ሄደ። ማስመሪያውን ሲከተው ውኃው ጣቱን አራሰው። ፊቱ በራ።

«ሞልቷል እኮ! ኧረ አልሞትኩም፣ ከአሥራ ስድስት በላይ ነው!»

ጠይባ አጨበጨበች። ጋሽ አብዱልመሊክ ግን አላጨበጨበም።

«ታዲያ» አለ ቀስ ብሎ፣ «4.4ን ከየት አመጣኸው?»

ናሆም ማስመሪያውን እንደያዘ ቀረ። ውኃው ከጣቱ ወለሉ ላይ ይንጠባጠባል። ደብተሩን አንሥቼ ጋሽ አብዱልመሊክ ፊት ዘረጋሁ፦ 16.4፣ 12.8፣ 8.4፣ 4.4። ከጎኑ የጠይባን ዘረጋሁ፦ 16.9፣ 13.2፣ 9.7፣ 6.1። በመጨረሻ ከስንብት ደብዳቤዬ ጋር ተያይዞ የተሰጠኝን የሐምሌውን ቅጽ ኮፒ አስቀመጥኩ።

«የመጨረሻዎቹን አኃዞች ይዩልኝ» አልኩት። «የለካ ሰው ቁጥር በዘጠኝም በሁለትም በአንድም ያልቃል። ናሆም ከራሱ ሲያወጣ ግን አራትና ስምንት ብቻ ነው የሚመጣለት።»

ጋሽ አብዱልመሊክ መነጽሩን አደረገ። ከቅጹ ወደ ደብተሩ፣ ከደብተሩ ወደ ቅጹ ተመላለሰ። ተነሥቶ የናሆምን ውኃ ራሱ ለካ። «16.3» አለና ጻፈው።

«አንቺ ነሽ የሞላሽው!» አለኝ ናሆም።

«አዎ። ሞላሁልህ።»

ቃሉን አወቀው። ዓይኑን ከእኔ ላይ አነሣ።

«ጨዋታ ነው እኮ፣ ሙሀባ።»

«ጨዋታ ነው። ሰውህ ሞቷል።»

ጠይባ አሁን አልሳቀችም። አንዴ እሱን፣ አንዴ እኔን አየች። «ዳጉ አለ አይደል?» አለች። «እውነቱን ይናገርና ውኃ ይሰጠዋ።»

ለእሱ አዝና ነው ያለችው። እኔ ግን አምስት ሳምንት ሙሉ አንድ ሰው ይህን እንዲልልኝ ስጠብቅ ነበር።

ጋሽ አብዱልመሊክ ወንበሩን ወደ ናሆም አዞረ። «ምን አየህ?» አለው። «ምን ሰማህ?»

«አልለካሁም።»

«የቱን?» አልኩ።

«ሀይላንዱን።»

ጠበቅኩ። ጣቴን የሐምሌው ቅጽ ላይ አሳረፍኩ።

«የሐምሌውንም» አለ። «አጣዬ ነበረች። ሦስቱንም ቀን። ዝናቡ ከባድ ነበር፣ መውጣት አስጠላኝ። ቤት ቁጭ ብዬ ሞላሁት።»

«ስትጠየቅስ?»

«ፈራሁ።»

ጋሽ አብዱልመሊክ ደብተሩንና ቅጹን አንድ ላይ አጥፎ ደረት ኪሱ ከተተ። «ወላሂ፣ በእጄ ነው የፈረምኩብሽ» አለኝ። «ሰኞ ሦስት ሰዓት ቢሮ ነይ፤ ደብዳቤው ይነሣል። አንተም ትመጣለህ።» ሦስት ሰዓት የዝናብ መለኪያ የሚነበብበት ሰዓት ነው። ናሆም በእሺታ አንገቱን ነቀነቀ።

«በይ እንግዲህ ውኃ ስጪው» አለች ጠይባ። «ዳጉውን ተናግሯል።»

«ሕጉ ይሰጠው ይላል» አልኩ። «ስንት አይልም።»

ከከረጢቱ አንድ ቆርኪ አወጣሁ፤ ቁጥሩን አላየሁትም። ገልብጬ ከገዛ ሀይላንዱ ውኃ አፉ ድረስ ሞላሁና በጠረጴዛው ላይ ወደ እሱ ገፋሁለት። ናሆም ቆርኪውን በሁለት ጣቱ አንሥቶ ጠጣ። ግማሹ ሸሚዙ ላይ ፈሰሰ። ሌላ አልጨመርኩለትም።

ሁሉም ከሄዱ በኋላ በሀይላንዱ የቀረውን ለካሁ። 16.2። ጻፍኩት።