የአውጫጭኙ ወፍ

አልጣሽ ያን ቀን ከቤቷ የወጣችው ተናዳ ነው፤ አውጫጭኙ ላይ የደረሰችውም እንደተናደደች ነው። ደግሞስ ለምን አትናደድ? ጨው ባሕር የሚሉት ሐይቅ ዳር ዳሩ ነጭ አመድ ሆኗል፤ ከብቱም እስከ መሃል ድረስ ጭቃ ውስጥ ካልገባ አፉን የሚያረጥብበት አጥቷል። ከማንኩሳ ወዲያ ያለው ከብት ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ የኖረው በዚያ ውሃ ነው። ጨው ውሃውን ካልጠጣ ሣር ሲግጥ ቢውል አይወፍርም፤ ጎድኑ ይቆጠራል።

ሐይቁ ያለው በሁለት ወረዳ ድንበር ላይ ነው። አንዱ ሌላውን ሲከስ ስንት ዘመን ኖረው አምና ፍኖተ ሰላም ተቀምጠው ተስማሙ። ስምምነቱ ቀላል ነው፤ በጋውን ማንም ከወንዙ በሞተር ውሃ አይስብ፣ ወንዙ እንዳለ ወደ ሐይቁ ይውረድ። እሰይ ተባለ። ባነር ተሰቀለ፣ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ተባለ፣ ተጨበጨበ። አልጣሽም ቃል ቃል ነው ብላ ወንዝ ዳር ያለ ሽንኩርቷን ዓይኗ እያየ አስደረቀችው። ሐይቁ ግን መሸሹን አልተወም። አንድ ሰው እየሰረቀ ነው ማለት ነው።

ማን እንደሆነ አልጣሽ ታውቃለች። አንድ እሁድ ላሟ ታማባት ቅዳሴ ቀርታ ነበር። አገሩ ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ገብቶ ጭር ባለበት ሰዓት ከወንዝ ዳሩ ባሕር ዛፍ ሥር ሞተር ሲንደቀደቅ ሰማች። ሄዳ አየች፤ የአለማየሁ ሞተር ነው። አለማየሁ ማለት የሟች ባሏ ታላቅ ወንድም፣ የሐይቁ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣ በየስብሰባው ስለ ውሃ ሲናገር እንባ የሚቀድመው ሰውዬ ነው። ሰው ሲያስቀድስ እሱ ይቀዳል!

ይህን አይታ ሰንበታለች፤ አልተናገረችም። አልጣሽ ያላት አንድ በሬ ብቻ ነው፤ ሁለተኛውን በሬ አምጥቶ በመቀናጆ የሚያርስላት አለማየሁ ነው። አንድ በሬ አያርስም። እሱ በሬውን ከነሳት መሬቷ ጦሙን ያድራል፣ ልጆቿም አብረው።

ሁለቱ ወረዳዎች ሌባውን ለማውጣት አውጫጭኝ የጠሩት በመጋቢት ነው። ድንበሩ ላይ ካለው ሾላ ሥር ወዲህ ማዶውም ወዲያ ማዶውም ተሰበሰበ። ከየወረዳው የመጡት ሹማምንት በፕላስቲክ ወንበር፣ ሰዉ በመሬት ተቀመጠ። ደንቡ የታወቀ ነው፤ እያንዳንዱ ሰው ወደ ሽማግሎቹ እየቀረበ ያየውን በጆሯቸው ይናገራል። የተናገረው ሰው ስም አይነሳም፤ ወፍ ነገረችን ነው የሚባለው። አልጣሽ ተራዋ ሲደርስ ወደ ሽማግሎቹ አለቃ ወደ አያ ገደፋው ጎንበስ አለችና የአለማየሁን ስም፣ ሞተሩ ያለበትንም ቦታ ነገረቻቸው። ወፍ ናትና አይታወቅባትም፤ በሬውም አይሄድባትም። እንዲህ ብላ ነበር የተጽናናችው።

ሽማግሎቹ ገለል ብለው ከሹማምንቱ ጋር ተመካክረው ተመለሱ። አያ ገደፋው ከዘራቸውን ተመርኩዘው ቆሙ።

"ወፍ ነገረችን። ውሃውን የሚስበው ደስታው ነው።"

ደስታው ከወዲያ ማዶ ያለ የአዊ ሰው ነው፤ ከቡሬ በኩል መጥቶ የሰፈረ፣ በአካባቢው አንድ ዘመድ የሌለው። ሞተር ቀርቶ ባልዲው እንኳ ቀዳዳ ነው። ተከራይቶ ነው አሉ። ወንዝ ዳር ያለችው ቁራሽ መሬቱ ትወሰድበት አሉ። የወዲህኛው ሹም ራሱን ነቀነቀ፣ የወዲያኛውም ነቀነቀ። ወይ ነዶ! ስንት ዘመን በአንድ ጉዳይ መስማማት ያቃታቸው ሁለት ወረዳዎች አንድ ድሃ ላይ ሲሆን እንዴት ባንድ አፍ ተስማሙ! ደስታው ዙሪያውን ቢያይ የሚቆምለት ሰው የለም።

አልጣሽ መቀመጥ አልቻለችም። ተናዳ ብድግ አለች።

"ውሸት ነው" አለች። "ወፏ እኔ ነኝ። እኔ ለእርስዎ የነገርኩዎ አለማየሁን ነው።"

አያ ገደፋው ወፍ ስሟን አትናገርም፣ ደንብ አታፍርሽ ብለው ገሠጿት።

"ወፍ ዝም ባለች ቁጥር እናንተ ስም ትቀይሩላታላችሁ?" አለችና ወደ ሰዉ ዞረች። ሌላስ ወፍ የለም ወይ፣ ሞተሩን የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ ወይ ብላ ጠየቀች። ሁሉም መሬት መሬት አየ።

አለማየሁ አልተቆጣም። ለስለስ አድርጎ "አልጣሽ፣ መሬትሽን ማን እንደሚያርስልሽ ረሳሽው?" አላት።

"አልረሳሁም። ረስቼው ቢሆንማ እስከ ዛሬ ዝም አልልም ነበር።"

ይህን ብላ ወደ ወንዙ ወረደች። መጀመሪያ ማንም አልተከተላትም፤ ከዚያ ደስታው ተነሣ፣ ከዚያ ሴቶቹ፣ ከዚያ ማን ይቅር። ሞተሩ ቅጠል ተከምሮበት ተገኘ፤ የደስታው መሬትም ለራሱ ቀረ። አልጣሽ ምስጢር ያወጣች ወፍ ተብላ አንድ በግ ተቀጣች፤ በዚህም ሁለቱ ወረዳዎች ወዲያው ተስማሙ። አለማየሁ ሞተሩ ተወሰደበት፣ እሱ ግን ከሰብሳቢነት ወደ ምክትልነት ዝቅ ብሎ ቀረ። ቅጣት ይሏል ይኼ ነው!

ወንዙ ወደ ሐይቁ መውረድ ጀመረ። ውሃው ነጩን ዳር ቀስ በቀስ መልሶ ያዘ፣ ከብቱ እየተጋፋ ይጠጣ ጀመር። አዲስ ባነር ተሰቀለ፤ ሐይቁ በሁለቱ ወረዳዎች የተቀናጀ ጥረት አገገመ ይላል። የአልጣሽ መሬት ግን የእርሻው ጊዜ ደርሶ ማረሻ አልነካውም። ከብታቸውን ከጨው ባሕር አጠጥተው የሚመለሱት ጎረቤቶቿ በደጇ ሲያልፉ አንገታቸውን ሰበር አድርገው ሰላም ይሏታል፣ ያልፋሉ። አንዳቸውም በሬ ይዘው አልቆሙም። አለማየሁ ይቀየመናል ይላሉ። እሷም ሰላምታቸውን ጥርሷን ነክሳ ትመልሳለች።

አንድ ጠዋት ደስታው ወንዙን ተሻግሮ መጣ። አንድ በሬውን እየነዳ፣ ቀንበርና ሞፈር ተሸክሞ ነው። ሊያመሰግናት የመጣ አይመስልም፤ ፊቱ እንደ ጠቆረ ነው።

"ስሜ እስኪጠራ ድረስ ለምን ጠበቁ?" አላት። "ቀድመው በሰው ፊት ቢናገሩ እኔ እዚያ ሁሉ ሰው መሃል ሌባ ባልተባልኩ።"

አልጣሽ አንገቷን ደፋች። እስከዚያ ቀን ድረስ የተናደደችው በሹማምንቱ፣ በሽማግሎቹ፣ በአለማየሁ ነበር፤ አሁን የንዴቱ ድርሻ እሷም ላይ ደረሰ።

ደስታው ቀንበሩን ከትከሻው አውርዶ መሬት ላይ አስቀመጠና ማሳውን በዓይኑ ለካ።

"በሉ በሬዎን ያውጡ" አለ። "ፀሐይ ሳይበረታ እንጀምረው።"