የመርዳሳ ጉድጓድ

ሐይቁ ከመርዳሳ ማሳ የሸሸው ቀስ በቀስ ነበር። ባቱ ከተማ አጠገብ ከአባቱ በወረሰው መሬት ላይ ቲማቲም ሲያለማ፣ ድሮ ሞተሩን ውሃው ዳር አስቀምጦ ቱቦውን መክተት ብቻ ይበቃው ነበር። በኋላ በየበጋው ቱቦ መቀጠል ግድ ሆነበት። ቱቦው አልደርስ ሲል ከጎረቤቶቹ ጋር ውሃው ወደሸሸበት ቦይ ቆፈሩ። ቦዩ በደለል ሲሞላ ደግሞ የሚመጣው ውሃ ለሁሉም የማይበቃ ሆነና ማሳቸውን በተራ ለማጠጣት ተስማሙ። የመርዳሳ ተራ ግን ብዙ ጊዜ የሚደርሰው ቲማቲሙ አንገቱን ከደፋ በኋላ ነበር።

"ጉድጓድ አስቆፍራለሁ" አላት ሚስቱን አረጋሽን።

"ከአስፋልቱ ማዶ ያስቆፈሩት ሰዎች ውሃው ጨው ነው ይላሉ።"

"የእነሱ ይሆናል። የኛ ለሐይቁ ቅርብ ነው።"

ውሃው የወጣ ዕለት ጎረቤት ሁሉ ተሰብስቦ መረቀው። አረጋሽ በመዳፏ ዘግና ቀመሰችና እጇን በቀሚሷ ጠረገች። ሰው ከተበተነ በኋላ ነው የነገረችው።

"መርዳሳ፣ ጨው ጨው ይላል።"

"እኛ አንጠጣው፤ ቲማቲሙ ነው የሚጠጣው።"

አልተከራከረችም። ባሏን እንዲህ ፊቱ ፈክቶ ካየችው ቆይታለች፤ ደስታውን መንጠቅ ከበዳት። መርዳሳም ከእንግዲህ ውሃ አልሻማችሁም ብሎ ተራውን ለጎረቤቶቹ ለቀቀ።

የመጀመሪያው ምርት ደህና ነበር። በሚቀጥለው በጋ ግን የቲማቲሙ ቅጠል ከጫፉ እየተቃጠለ መጣ። መርዳሳ ውሃ ጥም መስሎት አብዝቶ አጠጣ። ባጠጣ ቁጥር ባሰበት። ጠዋት ጠዋት በትልሞቹ መሃል አመዳይ የመሰለ ነጭ ነገር ይታይ ጀመር።

የቀበሌው የግብርና ባለሙያ ኤቢሴ መጥታ አፈሩን በጣቶቿ ፈረፈረች።

"ጨው ነው። ውሃ በሰጡት ቁጥር እሱን ነው የሚጨምሩለት።"

"ጠብታ መስኖ ባስገባስ? እሱ ውሃ አያበዛም።"

"ያው ውሃ ነው። የቱቦውን ቀዳዳዎችም ጨው ይደፍናቸዋል። ጨው የሌለበት ውሃ አግኝተው መሬቱን ደጋግመው ቢያጥለቀልቁት ጨው ወደ ታች ይወርዳል።"

"ከየት አባቴ ላምጣ?"

ኤቢሴ ወደ ሐይቁ አቅጣጫ አየች።

መርዳሳ በማግስቱ ጠዋት ኦቦ ዲዳ ቤት ሄደ። ዲዳ ከአባቱ ጋር አብረው ያረሱ ሽማግሌ ናቸው፤ ማሳቸውም ከእሱ ጋር ይዋሰናል። "አካም ቡልተን፣ ኦቦ ዲዳ" ብሎ እንዴት እንዳደሩ ጠየቀና ተቀምጦ የሆነውን ነገራቸው።

"የእኔን ተራ ውሰድ" አሉት።

"ሽንኩርትዎስ?"

"አንድ ዙር ቢያልፈው አይሞትም።"

የሐይቁ ውሃ የመርዳሳን ማሳ ሲሸፍን አረጋሽ ባዶ እግሯን ገብታ ትልሞቹን ከፈተች። ባልና ሚስቱ ያን ቀን እየተሳሳቁ ዋሉ። ነገር ግን የዲዳ ተራ ዳግመኛ ሳይደርስ ውሃው ከቦዩ አፍ ራቀ። ሞተሩ ጭቃ እየሳበ ጠፋ። ጎረቤቶቹ ደለሉን ቢዝቁም ውሃው እየራቀ ሄደባቸው። የዲዳ ሽንኩርት ራስ ማውጣት በጀመረበት ሰዓት ቢጫ ሆነ።

ሽማግሌው ወደ መርዳሳ መጡ።

"ቱቦህን ወደ እኔ አዙርልኝ።"

"የጉድጓዱን? ኦቦ ዲዳ፣ መሬትዎን ይገድልብዎታል። የእኔን እያዩት ነው።"

"ለዛሬ ብቻ ነፍሱን ያቆይልኝ። ነገ ቦዩ ይከፈት ይሆናል።"

"አይሆንም። ይህን በእርስዎ ላይ አላደርግም።"

"ውሃዬን ስሰጥህ አይሆንም ብዬህ ነበር?"

መርዳሳ ሄዶ ሞተሩን አስነሳ። ሁለቱ ጎን ለጎን ቆመው ውሃው በሽንኩርቱ መሃል ሲሄድ አዩ። ቦዩ አልተከፈተም። ዲዳም ነገ ይከፈታል እያሉ ለዛሬ ብቻ ያሉትን ውሃ ደጋግመው አጠጡ። ሽንኩርቱ ለጥቂት ቀን ቀና አለና እንደ ቲማቲሙ ከጫፉ መቃጠል ጀመረ። ብዙም ሳይቆይ የእሳቸውም መሬት ነጣ። መርዳሳ ይሰድቡኛል ብሎ ሲጠብቅ ዲዳ አንድም ቀን አልወቀሱትም። እንደ ወትሮው ሰላም ይሉታል። እሱ ግን ፊታቸውን ማየት ስላቃተው ዞሮ በሌላ መንገድ መሄድ ጀመረ።

አረጋሽ አበባ እርሻ ተቀጠረች። የታጠበው የመርዳሳ ማሳም ከፀሐዩ ጋር ጨዉን መልሶ አወጣ። ሞጆ ደረቅ ወደብ የጫኝና አውራጅ ሥራ እንዳለ ሰው ሲነግረው ለመሄድ ወሰነ። ለመሰናበት ዲዳ ዘንድ ሲሄድ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው አገኛቸው።

"ያቺ የግብርና ልጅ ጨዉን ዝናብ ያጥበዋል ብላለች?" ሲሉ ጠየቁት።

"ጥሩ ዝናብ ከሆነ፣ ብላለች።"

"በስንት ክረምት?"

"እሱን አላወቀችም።"

ዲዳ መረቁትና ባጃጅ እንዳያመልጥህ ሂድ አሉት።