ለቡዳ የወጣ ስም

«አቦ፣ ማነው አትችይም ያለሽ?» አለኝ መምህር ዐብዲሰላም።

ሳቢያን ሰፈር ውስጥ፣ በጎልማሶች ትምህርት ክፍል፣ ጠመኔ ይዤ ሰሌዳው ፊት ቆሜ ነበር። ስምሽን ጻፊ ተብዬ ነው። ዝናሽ። ደብተሬ ላይ ስጽፈው ሰንብቻለሁ። እዚያ ስቆም ግን ውስጤ ያለው ድምፅ «አንቺ ደነዝ፣ ተቀመጪ» አለኝ፤ ተቀመጥኩ። ድምፁ የራሴ ይመስለኝ ነበር።

«ተዋት» አለች አጠገቤ የምትቀመጠው ራሕማ። «የታይዋን ነጋዴ ዋጋ ሲከራከር እንጂ ሲጽፍ አያምርበትም።» ታይዋን በሚባለው ገበያ የልጆች ልብስ እሸጣለሁ። ክፍሉ ሳቀ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ።

የመምህሩን ጥያቄ መልስ ቤቴ አገኘሁት። ጎረቤታችን ቦጋለች፣ ሁለተኛ ክፍል የምትማረው ልጄ ሶፊ ስታነብ ሰምታ «ይቺ ልጅ እንዴት ጎበዝ ናት!» አለች። አብራን የምትኖረው እናቴ ወለተ ጊዮርጊስ ፈጠን ብላ «ኧረ ደነዝ ናት፣ እንደ እናቷ» ብላ መለሰችላት። ለቡዳ ነው። ልጅ ሲመሰገን ዓይን እንዳይበላው ይሰደባል። እኔም ያደግሁት እንዲሁ ስለሆነ ምንም አልመሰለኝም።

በማግስቱ ሶፊን አንብቢልኝ ብላት መጽሐፉን ዘጋችው።

«አልችልም። ደነዝ ነኛ።»

አነጋገሯ ያው እኔ ውስጥ የሚናገረው ድምፅ ነበር። ለካ የእናቴ ነው።

«እማዬ፣ እኔን ደነዝ ስትይኝ የኖርሽው ለቡዳ ብለሽ ነው አይደል?» አልኳት።

«መጀመሪያ ለቡዳ ነበር» አለች ነጠላዋን እያስተካከለች። «ኋላ ሳይሽ እውነትም ደነዝ ነሽ። በከንቱ ነው የፈራሁልሽ።» ስቃ ስቃ አሳላት።

ከዚያ ወዲያ ድምፁ ሲመጣ ዝም አላልኩትም። ሱቄ ቁጭ ብዬ በከንፈሬ «ይህ የእማዬ ፍርሃት ነው፣ የኔ አይደለም» እለዋለሁ። በመጀመሪያው ሰሞን ሳቀብኝ። እንደ ደንበኛ ተከራከርኩት። ሰሌዳው ፊት በድጋሚ ቆሜ ስሜን ስጽፍ የመጨረሻዋ ፊደል ተንጋደደች። «አየሽ?» አለኝ ድምፁ። «ተንጋደደች እንጂ ተጽፋለች» አልኩት።

«ይቺ ‹ሽ› ዛሬ ጫት ቅማለች እንዴ?» አለች ራሕማ። ሁሉም ሳቁ። እኔ ግን ስሜን ጽፌ ጨርሼ ነው የተቀመጥኩት።

እኔ አርባ ዓመት አልፎኝ ነው ከዚያ ድምፅ ጋር መከራከር የጀመርኩት። ሶፊ ግን ገና እየተማረችው ነበር፤ አስተማሪዋም፣ አያቷ፣ እቤታችን ተቀምጣለች። ቦጋለች ዳግመኛ መጥታ ልጅቷን ስታሞግስ፣ እናቴ አፏን ከመክፈቷ በፊት «አዎ፣ ጎበዝ ናት» አልኩ።

«ልጅሽን ለቡዳ ሰጠሻት» አለች እናቴ። «ታናሽ ወንድምሽን የበሉብኝ እንዲህ ሲያሞግሱት ነው።»

«እሱ የሞተው በወባ ነው።»

የእናቴ ፊት አመድ መሰለ። ቦጋለች ጫማዋን ፈልጋ ወጣች።

«ከእንግዲህ እዚህ ቤት ሶፊን ደነዝ የሚል ሰው አይኖርም» አልኩ።

«እኔ ልማዴን አልተውም። ታዲያ ወዴት ልሂድ?»

ያበጡ እግሮቿን አየሁ። «ይሳቅ ጋ።» ይሳቅ ሐረር የሚኖረው ታላቅ ወንድሜ ነው።

«ሚስቱ እንደማትወደኝ ታውቂያለሽ።»

«አውቃለሁ።»

በሄደችበት ቀን እናቴ ሚኒባሱ ውስጥ ሆና በመስኮቱ የሶፊን ጉንጭ ዳሰሰች። «ደህና ሁኚ፣ ደነዝዬ» አለቻት። ሶፊ እያለቀሰች እጄን ነከሰችኝ። እስካሁን ጮክ ብላ አታነብልኝም።

እናቴ ሐረር ሄደች። እኔና ሶፊ ቀረን።