የመብራቱ በላተኛ

ያን ዕለት ማታ ንዴት አድክሞኝ ነው የተኛሁት። የግቢያችን ባለቤት እትዬ አስካለማርያም እኛን ተከራዮቻቸውን ሁሉ በአንድ ቆጣሪ የሚያስተዳድሩ ሴት ናቸው፤ የመብራት ሂሳብ በመጣ ቁጥር ግቢው ፍርድ ቤት ይሆናል። በዚያ ምሽት ፍርዱ በእናቴ ላይ ወደቀ።

«ይሄ የኤሌክትሪክ የልብስ ስፌት መኪናሽ ቀኑን ሙሉ ሲያጓራ ይውላል! መብራታችንን የጨረሰው እሱ ነው። ነገ ጠዋት ገመዱ ይቆረጣል!» አሉ።

ጎረቤታችን ጋሽ ድንበሩም «ጅብ እንኳ እንዲህ አይጮህም» ብሎ ጨመረበት። እማዬ አንገቷን ደፋች። እኛ የምንኖረው በዚያ መኪና ነው፤ ገመዱ ተቆረጠ ማለት ጉሮሯችን ተዘጋ ማለት ነው። ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ ቢቆምም ምላሴ ቆሞ አያውቅም፤ በዚያ ምሽት ግን ነጠላዬን ተከናንቤ ተጋደምኩ።

እንዲህ ስብሰለሰል ዐይኔ ከደን አለ። እነሆም ጣሪያችን እንደ መጋረጃ ተገለጠና ቁመታቸው ከምሰሶ የረዘመ አንድ ሽማግሌ ከፊቴ ቆሙ። ካባቸው እንደ መዳብ ሽቦ ይንቦገቦጋል፤ በደረታቸው ላይ የቆጣሪ መስኮት የመሰለ መስተዋት አለ፤ በመስተዋቱም ውስጥ ቀይ ብርሃን እንደ ልብ ይመታል።

«ተነሺና ተከተይኝ» አሉኝ።

«አባባ፣ ሂሳብ ሊጠይቁ ከሆነ እማዬ የለችም።»

ሳቁ፤ ሲስቁ የሰፈሩ አምፖል ሁሉ አብሮ ደመቀ። ከዚያም እጄን ይዘው ከአንድ ተራራ ጫፍ አቆሙኝ። ከበታቻችን ታላቅ ግድብ ተንጣሏል፤ ከግድቡም ብርሃን ይወርዳል፤ ወንዝ ሆኖ ሜዳውን ያቋርጣል፣ ጅረት ሆኖ በየሰፈሩ ይከፈላል፣ ክር ሆኖ በየቤቱ ይገባል። ያን ሁሉ ግርማ እኛ ግድግዳ ላይ በተሰነጠቀች ሶኬት ብቻ ነበር የምናውቀው!

የቤቶቹም ግድግዳ እንደ ብርጭቆ ጠራና የየቤቱ ዕቃ ለግብዣ ተቀምጦ አየሁ። አምፖል በስኒ ይጎነጫል፤ ሬዲዮ ከንፈሩን ያርሳል፤ የልብስ ስፌት መኪና እንደ ሠርገኛ እየዘፈነ አንዲት ብርጭቆ ይዟል። ጥግ ላይ ግን የኤሌክትሪክ ምጣድ ድምፁን አጥፍቶ በርሜሉን እስከ አተላው ይጨልጣል።

«ውይ! ይሄ ዝምተኛ ሆዱ የት ነው?» አልኩ።

«ሰው ሁሉ የሚጮኸውን ይከስሳል። የሚግለውን ተመልከቺ፤ ትልቁ ጥም የግለት ነው። ምጣድ ደግሞ ከቀዝቃዛ ተነሥቶ እስኪግል ድረስ አንድ እንጀራ ሳያወጣ ይጠጣል።»

ወዲያው የራሳችን ግቢ ታየኝ። በየክፍሉ በር ተቆልፏል፤ አንዱ ምጣድ ሲበርድ ሌላው ከዜሮ ይጀምራል።

«ለምንድነው ሁሉም ለብቻው የሚያግለው?»

«በእናንተ ሊጥ ውስጥ ምን አለ?» ብለው መለሱልኝ።

«ጤፍ።»

«ጤፍ ብቻ?»

«...ሩዝም አለበት። አባባ፣ ለሰው እንዳይናገሩ፤ እማዬ ትገድለኛለች!»

ሽማግሌው የየቤቱን የሊጥ ክዳን ከፈቱት። በጋሽ ድንበሩ ቤት ማሽላ፤ በእትዬ አስካለማርያም ቤት ከእኛ የበለጠ ሩዝ! «እነሆ» አሉ፣ «እዚህ ግቢ መብራታችሁን የሚያነደው እፍረት ነው።»

ከዚያ እጃቸውን ዘረጉና ግቢው ተለወጠ። በሩ ሁሉ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ አንድ ምጣድ ግሏል፤ ሴቶቹም ወንዶቹም ሊጣቸውን ይዘው ተራ ይጠብቃሉ። «ያንቺ ሩዝ በዛ!» ስትል አንዷ «ያንቺ በቆሎስ?» ትላለች ሌላዋ፤ ሳቁ ቤቱን ይሞላዋል። ከመጨረሻው እንጀራ በፊት ሶኬቱ ይነቀላል፤ የቀረውንም የምጣዱ ግለት ያበስለዋል። የተረፈው ብርሃን ደግሞ እየተመለሰ በየጤና ጣቢያው የክትባት ማቀዝቀዣ ውስጥ ይገባል፣ የማታ ተማሪዎችን ክፍል ያበራል፣ አገር ሙሉ የስፌት መኪና ያዘፍናል። ከመኪኖቹ መሀል እማዬ አንገቷን ቀና አድርጋ ትሰፋለች። አለቀስኩ፤ እኔ የማላለቅሰው!

«ያየሽውን ንገሪ» አሉኝ።

«ማን ይሰማኛል? ምላሰኛ ነው የሚሉኝ።»

«ምላሰኛ ካልተናገረው ጨዋ ሰውማ አፍሮ ይተወዋል።»

ነቃሁ። እትዬ አስካለማርያም ፒንሳ ይዘው በራችን ላይ ቆመዋል። ያን ብርሃን አይቼ ዝም ልል? ዘልዬ ወጣሁ።

«እትዬ፣ ከመቁረጥዎ በፊት ቆጣሪውን ይዩት! ሁሉም ዕቃውን ይንቀልና በየተራ እንሰካ!» አልኩ። መጀመሪያ መኪናውን ሰካን፤ የቆጣሪው ቀይ መብራት እንደ እንቅልፋም ዐይን አልፎ አልፎ ጥቅስ አለ። ምጣዱን ስንሰካ ግን ያለ ዕረፍት ይርገበገብ ጀመር። ጋሽ ድንበሩ አፉን ከፈተ። እኔም ጮህኩ፦

«ምጣዳችን እየጋለ ነው፤ ሊጥ ያለው ይምጣ! በእኛ ሊጥ ውስጥ ሩዝ አለ፤ ከግማሽ በላይ!»

እማዬ ፊቷን በሻሿ ሸፈነች። ከዚያ የጋሽ ድንበሩ ሚስት ባልዲዋን አንጠልጥላ «የኔስ ማሽላ ነው» እያለች ወጣች።

እትዬ አስካለማርያም ፒንሳውን ኪሳቸው ከተቱና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«አንቺ ልጅ፣ የኔን ሊጥ ባመጣው አይስቁብኝም?»

«ይስቃሉ እንጂ! ግን ምጣዱ ግሏል፤ ቶሎ ያምጡት።»