ቆመው የጠየቁ ሽማግሌዎች

ባለፈው ጥር፣ እሁድ ጠዋት፣ ሦስት የመንገደኛ አውሮፕላኖች ከተመደበላቸው መስመር ወጥተው ልጄን ለጋብቻ ሊጠይቁ ሰንዳፋ ቤቴ ድረስ መጡ። አንዱ ወደ ጅማ፣ አንዱ ወደ ባሕር ዳር፣ አንዱ ወደ ናይሮቢ የሚሄድ ነበር። ከጓሮዬ ባሕር ዛፍ ትንሽ ከፍ ብለው አየር ላይ ቀጥ አሉ። በዕድሜ የሚበልጠው የናይሮቢው ስለሆነ መሃል የቆመው እሱ ነው። ደንቡም እንደዚያ ነው።

በመምጣታቸው አልተገረምኩም። የተናደድኩት በሰዓቱ ነው፤ ገና ፊቴን አልታጠብኩም።

ነገሩን የጀመርኩት እኔው ነኝ። ልጄ ትርሲት፣ ይድነቃቸው የሚባል ልጅ ወዳለች። አውሮፕላን ማረፊያ ነው የሚሠራው፤ አብራሪው እጁን ሲያነሳ አውሮፕላኑ በራሱ የሚሄድበትን መንገድ ኮምፒውተሩ ላይ እየሞላ የሚሰጥ ቴክኒሻን ነው። ሕፃናት ማሳደጊያ ያደገ ልጅ ነው፤ አባት የለው፣ እናት የለው፣ አጎት እንኳ የለው። "ሽማግሌ ሳይልክ ልጄን አልሰጥም" አልኳት። "ማንን ይላክ አባዬ? ሰው የለውም እኮ" አለችኝ። "ታዲያ ከሰማይ ነው የወረደው?" ብዬ ጋዜጣዬን ገለጥኩ።

እውነቱን ለመናገር ልጁ እንከን አይወጣለትም። ግን ሳመሽ መጋረጃውን በሁለት ጣቷ ገለጥ አድርጋ የምትጠብቀኝ እናቷ ከሞተች ወዲህ፣ እዚህ ቤት ያለነው እኔና ትርሲት ብቻ ነን። እሷን ከሰጠሁ ከግድግዳ ጋር ላወራ ነው። ሽማግሌው ሰበብ ነበር።

ደጅ ወጥቼ "ኑ፣ ግቡ፣ ተቀመጡ" አልኳቸው። ሽማግሌ ሲመጣ የሚባለው ይኸው ነው።

የናይሮቢው፣ እኔ ቤቴ መስኮት ላይ ባስቀመጥኩት ሬዲዮ በኩል መለሰ። ዜናው ተቋረጠ። "እግዚአብሔር ይስጥልን። የመጣንበት ጉዳይ አለ፤ መልስ ሳናገኝ አንቀመጥም" አለ። ድምፁ ረጋ ያለ የጨዋ ድምፅ ነው።

"እንግዲያው ተናገሩ።"

"ልጅዎን ትርሲትን ለልጃችን ለይድነቃቸው እንዲሰጡን ነው።"

"ዘሩ ከየት ነው?"

"አናውቅም፤ እሱም አያውቅም። ግን በየማለዳው መንገዳችንን የሚነግረን እሱ ነው። አንድም ቀን ዋሽቶን ተራራ ላይ አልጣለንም።"

የባሕር ዳሩ ክንፉን ዝቅ አድርጎ "እውነት ነው" አለ። የጅማው ዝም አለ። መቼም ሦስተኛ ሽማግሌ የሚመጣው ለቁጥር ማሟያ ነው።

እንደ ማንኛውም አባት "መልካም፤ ከቤተ ዘመድ ልምከርበትና ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለሱ" አልኳቸው። በመጀመሪያው ቀን እሺ ማለት ልጅ ማርከስ ነው። ሽማግሌም ይህን ስለሚያውቅ ይሄዳል፣ ይመለሳል። እነዚህ ግን ደንቡን በቃላቸው ይዘውታል እንጂ ኖረውበት አያውቁም።

"እንጠብቃለን" አለ የናይሮቢው። እዚያው ቆሙ።

ጎረቤቴ እትዬ ላቀች በአጥሩ ላይ ብቅ አሉ። "ጋሽ ዘርጋው! ኧረ በእመብርሃን፣ ሰው እኮ ነው የተጫነው!"

"ሽማግሌ ምን ይዞ እንደመጣ አይጠየቅም" አልኳቸው።

ቀና ስል ተሳፋሪዎቹ ግንባራቸውን መስኮቱ ላይ ለጥፈው ያዩኛል። አንዲት ሴትዮ ሁለት እጇን ዘርግታ ትለምነኛለች። አብራሪዎቹ መሪው አልታዘዝ ብሏቸው እጃቸውን አጣምረው ተቀምጠዋል። በዚህ መሃል ስልኬ ጠራ፤ ከመቆጣጠሪያ ማማ ነው። "አባቴ፣ እባክዎ ወይ ይስጡ ወይ ይከልክሉ፤ ከኋላ የሚመጡት መንገድ አጥተዋል" አለኝ አንድ ወጣት።

"የልጅ ነገር በስልክ አይሆንም" ብዬ ዘጋሁበት።

ትርሲት ወጣች። "ይድነቃቸው ነው የላካቸው?" አልኳት።

"ደወልኩለት። ወደ ጅማ፣ ወደ ባሕር ዳር፣ ወደ ናይሮቢ ነው የሞላሁት እያለ ይምላል። አባዬ፣ ነዳጅ እኮ ያልቃል።" ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

"እሺ፣ እሷን ልስጥ! እኔስ? ከእሷ በቀር ማን አለኝ?" ብዬ ወደ ላይ ጮኽኩ። ሽማግሌ ፊት እንዲህ አይባልም፤ አመለጠኝ።

ሦስቱም ሞተራቸውን አለዘቡ። ከዚያ ያ ዝምተኛው የጅማው ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገረ።

"የእርስዎን ጉዳይ ሌላ ሽማግሌ ያየዋል" አለ።

ይህን ከሰማሁ በኋላ ምን ክርክር አለ? "ሰጥቻለሁ" አልኩ።

እግራቸውን ዘርግተው ታጭዶ ባለቀው የስንዴ ማሳ ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ። ትርሲት ጎንበስ ብላ የሦስቱንም ጉልበት ሳመች፤ የናይሮቢው መረቀ። ድምፃቸው ባይሰማኝም ተሳፋሪዎቹ ሁሉ "አሜን" ሲሉ አፋቸውን አይቻለሁ። ከዚያ ሁሉም ተነስተው ወደየመንገዳቸው ሄዱ። የናይሮቢ መንገደኞች እስከ ዛሬ እየደወሉ "ሠርጉ እንዴት ነበር?" ይሉኛል።

ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ተደገሰ። አማረ። ትርሲት ሄደች፤ ቤቱም እንደፈራሁት ሆነ።

ትናንት ጠዋት ፊቴን ታጥቤ ብወጣ፣ አራተኛ አውሮፕላን ከባሕር ዛፉ በላይ ቆሟል። ነጭ ነው፤ ምንም አልተጻፈበትም። የሞተር ድምፅ የለውም።

"ይግቡ፣ ይቀመጡ" አልኩ።

አልተቀመጠም።

"ማን ልኮዎት ነው?"

ሬዲዮው ዜናውን አቋረጠ እንጂ የተናገረ የለም። እኔም ደንቡን አልረሳሁ። "ከቤተ ዘመድ ልምከርበት፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ይመለሱ" አልኩት።

ዛሬም እዚያው ቆሟል። በሩ ተከፍቶ ደረጃው እስከ ደጃፌ ወርዷል። በመስኮቶቹ ሰው አይታይም፤ ከፊት ባለችው በአንዷ ብቻ፣ የመጋረጃው ጫፍ በሁለት ጣት ገለጥ ብሏል።