በር ዘግተን የበላንበት ሳምንት

እኛ ዘንድ ምሳ የሚበላው በር ተከፍቶ ነው። ደጁን ይዘህ ትቀመጣለህ፣ ሰው ባለፈ ቁጥር «እንብላ!» ትላለህ፣ አላፊውም «ብሉ፣ ጠግቤአለሁ» ብሎ መንገዱን ይቀጥላል። ሆዱ ሲጮህ ከሩቅ ቢሰማ እንኳ ጠግቤአለሁ ነው የሚለው። አፌን ከፈታሁ ጀምሮ እንዲህ ስጣራ ኖሬአለሁ። እስከ ሃያ አንድ ዓመቴ፣ እስከዚያች ማክሰኞ ድረስ፣ አንድም ሰው ገብቶብኝ አያውቅም ነበር።

ማክሰኞ ዕለት እኔና አኮሲታ፣ በደሴቶቹ አገራችን ዋና ከተማ በሱቫ፣ ከካምፓሱ አጥር ጎን በተከራየናት አንድ ክፍል ቤት ለምሳ ቀርበናል። አኮሲታ የቶንጋ ልጅ ናት፤ ስትስቅ ቤቱ አብሮ ይነቃነቃል። ሁለታችንም የክርስቲያን ተማሪዎች ፌሎሺፕ ውስጥ ነን፤ እኔ እንዲያውም የእንግዳ ተቀባይ ክፍል መሪ ነበርኩ። ይህን ልብ በሉልኝ፤ በኋላ የሚያሳፍረኝ እሱ ነው። ሳህኑ ላይ አራት ቁራጭ የተቀቀለ የካሳቫ ሥርና በኮኮናት ወተት የተሠራ አንድ ቆርቆሮ ዓሣ አለ። አንዲት ረጅም ፈረንጅ ልጅ በደጃችን ስታልፍ እንደ ልማዴ «እንብላ!» አልኳት።

ቆመች።

«እኔን ነው?»

ምን ይባላል? «አዎ እንጂ» አልኩ።

«የእውነትሽን?»

«የእውነቴን ነዋ!»

ነጠላ ጫማዋን አወለቀች፣ ከጫማዎቻችን ጎን አስተካክላ አስቀመጠችና ገባች። አኮሲታ መጀመሪያ ካሳቫውን፣ ቀጥሎ እኔን አየችኝና ሳቋን ለማፈን ያሳላት አስመሰለች። ልጅቷ ማዕዱን ሳንባርክ አንድ ቁራጭ ጎርሳ ነበር፤ እኛ ዓይናችንን ስንጨፍን ደንግጣ ማኘኳን አቆመች፣ «አሜን»ንም አፏ እንደሞላ አለች።

ስሟ ብሪዮኒ ነው። አባቷ በኩዊንስላንድ ደረቅ ምድር በግ ያረባሉ፤ የቅርብ ጎረቤታቸው አርባ ኪሎ ሜትር ይርቃል። ለአንድ ሴሚስተር የባሕር ትምህርት ልትማር ነው የመጣችው።

«ባሕር በሌለበት አገር ተወልደሽ?» አለቻት አኮሲታ።

«ለዚያ እኮ ነው። በግማ ጠግቤአለሁ።»

ሳህኑን አጠበች፣ አመሰገነች፣ ደጁ ላይ ዞር ብላ «ነገም በዚህ ሰዓት ነው የምትበሉት?» ስትል ጠየቀች።

አኮሲታ አሁን ሳቋ አመለጣት። «በዚሁ ሰዓት ነው!»

ሮብ መጣች። ሐሙስም መጣች። ዓርብ በአገሯ ዳቦ ላይ የሚቀባ ጥቁር ነገር በጠርሙስ ይዛ መጣች። አኮሲታ አሸተተችና «ይሄ የጫማ ቀለም ነው፤ አትዋሺኝ» ብላ ጮኸች። ሦስታችንም ቀባን፣ ሦስታችንም አለቀስን፣ እሷ ግን ከደስታ ነው። ሮብና ዓርብ ማታ ፌሎሺፑ ከትልቁ ዛፍ ሥር ሲሰበሰብ መጥታ ከዳር መቀመጥ ጀመረች። «አማኝ ነኝ አልልም» አለችኝ አንድ ቀን፤ «ግን ስትዘምሩ ልክ ምሳ ላይ እንደምትስቁት ነው።»

ወደድኳት። ግን እርቦኝም ነበር። ሁለቱም እውነት ነው።

በሦስተኛው ሳምንት ባሕሩ ተቆጥቶ ከትውልድ ደሴቴ ከጋው የምትመጣው ጀልባ ቀረች፣ ከቤት የሚላክልን ምግብም አብሮ ቀረ። የካሳቫው ጆንያ ከሥሩ ተራገፈ። ብሪዮኒ ደግሞ የበግ እረኛ አበላል ነው የምትበላው። እንዳይቀርብኝ የተባለ ይመስል፣ የዚያ ዓርብ ማታ በፌሎሺፑ እንዳስተምር ተመድቤ ነበር፤ ርዕሱም «ፍቅርን በኑሮ መግለጥ» ነው። ማክሰኞ ቀትር ላይ ሆዴ እየጮኸ «ፍቅር በሩን አይዘጋም» ብዬ ጻፍኩ፤ ከሥሩም አሰመርኩበት። እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩና «አኮሲታ፣ ዛሬ በሩን እንዝጋው» አልኳት።

«ምን አልሽ?»

«ለዛሬ ብቻ። ሁለት ቁራጭ ናት ያለችው።»

ዘጋን። መጋረጃውንም ጋረድን። እንደ ሌባ እየተንሾካሾክን ስንበላ የእግር ኮቴ መጣና ደጃችን ላይ ቆመ። ቀስ ብሎ ሁለቴ ተንኳኳ። አኮሲታ ማንኪያዋን አፏ ውስጥ እንዳለ ያዘችው፤ እኔ ትንፋሼን ዋጥኩ። ኮቴው ሄደ። በማግስቱም ዘጋን። ያን ዕለትም ተንኳኳ፣ አንድ ጊዜ ብቻ። ሮብ ማታ ከዛፉ ሥር አልመጣችም። ሐሙስ ዘግተን ስንጠብቅ ያንኳኳ አልነበረም።

ዓርብ ቀትር ላይ ግን በሩ ሊገነጠል ደረሰ።

«ኡናይሲ! ማን ነው የሞተው?»

አክስቴ ሴኒሚሊ ናቸው፤ የአባቴ ታላቅ እህት። ባሕሩ ሲረጋ በመጀመሪያዋ ጀልባ መጥተዋል፤ በአንድ እጃቸው የጎደሬ ዘንቢል፣ በትከሻቸው የተጠቀለለ ሰሌን። አፌ ሞልቶ ከፈትኩላቸው።

ሳህኑን አዩ፣ መጋረጃውን አዩ። «ማንም አልሞተም?»

«አልሞተም አክስቴ።»

«የታመመ አለ?»

«የለም።»

«እንግዲያው የወንድሜ ልጅ በቀን በጠራራ ፀሐይ በር ዘግታ የምትበላው ምን ነክቷት ነው?»

ለአክስቴ መዋሸት አይቻልም፤ ሞክሬ አውቃለሁ። ሁሉንም ነገርኳቸው። ሲሰሙ ቆዩና «ልጅቷ አሁን የት ናት?» አሉ።

አኮሲታ አንገቷን ደፋች። «ነገ ትሄዳለች። ልብስ ማጠቢያው ጋ ዛሬ ነው የሰማሁት። በአራት ሰዓት አውቶቡስ ወደ አውሮፕላን ማረፊያ፣ ከዚያ ወደ አገሯ።»

«ትምህርቷ አለቀ?»

«አላለቀም።»

አላስጨረስኳትም፤ ፊቴን በእጄ ሸፈንኩ። አንዲት ልጅ ትምህርቷን ጥላ ልትሄድ ነው፤ የገፋኋት ደግሞ በቁራጭ ካሳቫ ነው። በሕይወቴ እንደዚያች ደቂቃ ያፈርኩበት ጊዜ የለም።

አክስቴ ሰሌኑን ከትከሻቸው አውርደው ፊቴ ላይ ዘረጉት። ዓመት ሙሉ የሠሩት ነው፤ ዳር ዳሩ በቀይ፣ በቢጫና በአረንጓዴ የሱፍ ክር የተዘመዘመ። «ለምርቃትሽ ነበር» አሉ። «ተነሺ፣ ይዘሽው ውጪ።»

«አክስቴ! ይሄንን?»

«ይቅርታ የሚጠየቀው በማትፈልጊው ዕቃ ነው እንዴ?»

የሴቶቹ ማደሪያ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። የብሪዮኒ ክፍል በር ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ሻንጣዋ አልጋው ላይ ነው። አክስቴ ደጃፉ ላይ እግራቸውን አጣጥፈው መሬት ተቀመጡ። እኔና አኮሲታ ከኋላቸው ተቀመጥን፣ ሰሌኑን ከፊታችን አደረግን፣ በእኛ የይቅርታ ወግ መዳፋችንን አጎድጉደን አጨበጨብን።

ብሪዮኒ ካልሲ በእጇ እንደያዘች ደነገጠች። «ምን ሆናችሁ? ኧረ ተነሱ! ሴትዮዋ ታመው ነው?»

«አልታመሙም፤ ተቀመጪ» አልኳት። «ሊያናግሩሽ ነው።»

አክስቴ በእኛ ቋንቋ ይናገራሉ፤ እኔ ወደ እንግሊዝኛ እመልሳለሁ። «ከበጎች አገር የመጣሽ የእናትሽ ልጅ» አሉ፤ መለስኩ። «የዚህ ሰሌን ሱፍ ከአባትሽ በጎች ይሁን ከሌላ አላውቅም፤ ቅጠሉ ግን የእኔ ነው» አሉ፤ መለስኩ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩና «ቀሪው የአንቺ ነው» አሉኝ።

«በሩን የዘጋሁት እኔ ነኝ» አልኳት። «ቤት ነበርን። ስታንኳኪ እየበላን ነበር።»

«አውቃለሁ» አለች ብሪዮኒ። «ጫማችሁ ውጭ ነበር።»

እኔና አኮሲታ ተያየን። በር ዘግተን፣ መጋረጃ ጋርደን፣ ትንፋሽ ውጠን፣ ሁለት ጥንድ ነጠላ ጫማ ደጅ ላይ ደርድረናል! ጫማ አድርጎ ቤት መግባት ለካ ለክፋት እንኳ አይሆንልንም። አኮሲታ መሳቅ ጀመረችና እያለቀሰች መሆኑን ያወቀችው ዘግይታ ነው።

«የበላሁባችሁ በዝቶ ነው ብዬ አሰብኩ» አለች ብሪዮኒ። «ለምን አልነገራችሁኝም? ደግሞስ ለምን ጠራችሁኝ?»

እውነቱን ነገርኳት። «እንብላ ማለት እንደ ደህና ዋልሽ ነው። ማንም አይገባም። አንቺ የመጀመሪያዋ ነሽ።»

አፏን ከፍታ ቀረች። «ማንም?»

«ማንም።»

«ሁለት ሳምንት ሙሉ ሰላምታ ውስጥ ገብቼ ነው ስበላ የከረምኩት?» ካልሲውን ፊቷ ላይ አድርጋ ሳቀች፣ ቀጥላም ካልሲውን አልጋው ላይ አስቀመጠችው። «እዚህ ከመጣሁ በስሜ የጠራኝ ሰው አልነበረም። የአውቶቡሱ ሾፌር ብቻ ነበር የሚያናግረኝ፤ እሱም ውረጂ ለማለት። እናንተ ያን ቀን ስትጠሩኝ የአውሮፕላን ትኬት ልቆርጥ እየሄድኩ ነበር።»

አክስቴ ተርጉሚልኝ አሉ፤ ተረጎምኩ። ተነሥተው እቅፍ አደረጓት። ብሪዮኒ ረጅም ስለሆነች የአክስቴ ራስ ደረቷ ላይ ነው የቀረው። «ሰሌኑን የተቀበለ ሰው ሳይቀመጥበት አይሄድም በያት» አሉኝ፤ ነገርኳት። ብሪዮኒ ሰሌኑን በሁለት እጇ ተቀበለች። እቀራለሁ ግን አላለችም።

ማታ ፌሎሺፑ ፊት ቆምኩ። «ፍቅር በሩን አይዘጋም» የሚለውን ወረቀት አጥፌ ኪሴ ከተትኩና የዘጋሁትን በር አወራሁ። ስለ ጫማው ስደርስ ዛፉ ሥር ያለው ሁሉ በሳቅ ተንከባለለ፤ ግማሹ ግን ዓይኑን ይጠርግ ነበር። ብሪዮኒ አልነበረችም።

ቅዳሜ አክስቴ ጎደሬውን ቀቀሉ። ሦስት ሰዓት ሆነ፣ በሩን ወለል አድርገን ከፈትን። አራት ሰዓት ላይ አውቶቡሱ በአጥሩ በኩል ሲያልፍ ሰማሁት። አኮሲታ እጄን ያዘችኝ። ቀትር ሆነ፤ አክስቴ ማዕዱን ባረኩ፤ ማንም አልጎረሰም።

የነጠላ ጫማ ድምፅ መጣ። ብሪዮኒ ሰሌኑን በትከሻዋ ተሸክማ ደጁ ላይ ቆማለች።

«ብቻዬን ልቀመጥበት ሞከርኩ» አለች። «ሰፊ ነው።»

እልል ያልኩት እኔ ነኝ፤ አኮሲታማ ቤቱን ልታፈርሰው ነበር። ሰሌኑን ወለሉ ላይ ዘርግተን አራታችንም ተቀመጥንበት። ብሪዮኒ ደጁን ይዛ ነው የተቀመጠችው። ገና አንድ ጊዜ ሳትጎርስ ሁላችንም አጎቴ የምንላቸው የካምፓሱ ጥበቃ ራምሻራን በደጃችን ሲያልፉ በግ በምትጠራበት ድምፅዋ «እንብላ!» አለቻቸው።

«ብሉ ልጄ፣ ጠግቤአለሁ» አሉ አጎቴ፣ መንገዳቸውን ሳያቋርጡ።

«አልጠገቡም» አለች ብሪዮኒ። «ይግቡ።»

ቆሙ። ወደ እኔ አዩ። እኔ ወደ ድስቱ አየሁ፤ አምስት ቁራጭ ጎደሬ አለ።

«አሥራ አንድ ዓመት በዚህ ደጅ አልፌአለሁ» አሉ አጎቴ ራምሻራን፣ ቀስ ብለው። «ብዙ ሰው ጠርቶኛል። አልጠገብክም ያለኝ ግን የለም።»

ጎንበስ ብለው የጫማቸውን ማሠሪያ መፍታት ጀመሩ፤ እኔም ወደ አክስቴ ጠጋ ብዬ ቦታ ለቀቅኩላቸው።