ነጭ ነጩን ለእማዬ

ቆዳው የኔ ነው፤ ሐኪሙ የሚጠይቀው ግን ልጄን ነው። እኔ እጅጌዬን ጠቅልዬ ፊቱ ቁጭ ብያለሁ፤ እሱ በአናቴ ላይ አሻግሮ «ያሳክካቸዋል?» ይለዋል። ልጄም አውቶቡስ ላይ ያስጫነውን ጆንያ እንደሚያይ ሰው አየት አድርጎኝ «አልፎ አልፎ» ይላል። እሱ የሚያየኝ አልፎ አልፎ ስለሆነ ይሆናል።

ያም ሆኖ ሐኪሙ ሁለት ነገር በግልጽ ተናገረ። ይሄ በሽታ ጨርሶ አይድንም፤ ወደ ሰውም አይተላለፍም። ከዚያ እንደገና ወደ ልጄ ዞሮ «ዋናው እንዳይጨነቁ ነው» አለው። ቅባቱን ከፋርማሲ ገዛን። አለመጨነቅን የሚሸጥ ግን አላገኘንም።

ልጄ ልብስ ሰፊ ነው። የስፌት መኪናውን የተከለው ከሳሎኑ ጎን ባለችው ክፍል ነው። እሱ በመኪና ይሰፋል፤ እኔ ጠርዝ እቀመቅማለሁ፣ ቁልፍ እተክላለሁ። ዛሬም ያለ መነጽር መርፌ ውስጥ ክር አስገባለሁ። እጄና ክንዴ ቀልቶ መቀረፍ ከጀመረ ወዲህ ግን ጥቁር ጨርቅ አይሰጠኝም። ቅርፊቱ ጥቁር ላይ ይታያላ። «ነጭ ነጩን ለእማዬ» ይላል፣ ክብር አስመስሎ። እኔም እንደ ክብር ተቀበልኩት፤ ምን ላድርግ።

ቤት ውስጥ የራሴ ኩባያ አለኝ፣ የራሴ ፎጣ፣ የራሴ ወንበር። ማንም «ለየንዎት» አላለኝም፤ «እንዳይጠፋብዎት ብለን ነው» ነው የሚሉት። ንግሥትም ይሄን ያህል የግል ንብረት የላትም። አውቶቡስ ላይ ሰው አጠገቤ ስለማይቀመጥ ተንፈላስሼ እሄዳለሁ። አንዷ ጎረቤቴ ፀሐይ ሙቂ ትለኛለች፤ ሌላዋ ፀሐይ ነው የጎዳሽ ትለኛለች፤ ሦስተኛዋ የሰው ዐይን ነው ብላ ዐይኗን ታፈጥብኛለች። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። እኔ አደባባይ ባወጣውም የተገኘልኝ መካሪ ብቻ ነው። ይሄን ሁሉ ስቄ አሳልፋለሁ። ማንም ሳይነሳ አልጋዬን የምጠርገው፣ ሰው ሊጨብጠኝ ሳይዘረጋ እጄን ሻርፔ ሥር የምከተው ግን እየሳቅኩ አይደለም።

ከሁሉም የባሰው የልጅ ልጄ ነገር ነው። ምራቴ ወንድ ልጅ ወለደች። ከሆስፒታል ከመጣ ጀምሮ አንድ ጊዜ እንኳ አላቀፍኩትም። እጄን ስሰድ «አሁን ተኝቷል እማማ»፤ ሲነቃ «አሁን ሊጠባ ነው»፤ ሲጠግብ «ያስመልስብዎታል»። ከሚኒስትር ይልቅ ሥራ የሚበዛበት ልጅ ነው።

አንድ ቀን ሆዴ አልችል ብሎ «ሐኪሙ አይተላለፍም ብሏል እኮ» አልኳት።

«እሱ ያለው ለአዋቂ ነው እማማ። ስለ ሕፃን መቼ ተናገረ?»

ልጄን አየሁት። መርፌ የወደቀበት ይመስል ወለሉን ያስሳል።

እንግዲህ እዚህ ላይ አስተውሉልኝ። የሕፃን ልብስ ነጭ ነው። በዚህ ቤት ነጭ ደግሞ የኔ ድርሻ ነው። ኮፍያው፣ ሸሚዙ፣ መጠቅለያው ሁሉ ጭኔ ላይ ተዘርግቶ በዚሁ በሚቀረፈው እጄ ነው የተቀመቀመው። እጄ የሰፋውን ለብሶ ውሎ ያድራል፤ እጄ ግን አይነካውም። ምራቴ ሁሉም ከባሏ መኪና የሚወጣ ይመስላታል፤ ባሏም አላረማትም።

ቅዳሜ ሴቶች ልጁን ሊያዩ መጡ። ምራቴ ጠጋ ብላ «እርስዎ ጓዳ ዐረፍ ይበሉ፤ ሰው ያደክምዎታል» አለችኝ። ዐረፍኩ። በር ግን ጆሮ አይዘጋም።

«ይሄ ቅምቀማ ሲያምር፤ የማን እጅ ነው?» አለች አንዷ።

«የባሌ ነዋ» አለች ምራቴ።

በሽታዬን ቢያሙት እችላለሁ። ስፌቴን ለሌላ ሲሰጡብኝ ግን አልችልም። ወጣሁ።

«ባልሽ ቀጥ አድርጎ መቀምቀም ቢያውቅበት እኔን ምን ያስፈልገው ነበር?» አልኳት። «ከኮፍያው እስከ መጠቅለያው የኔ እጅ ነው። ይኸው፣ ይሄ እጅ» ብዬ ለሁሉም ዘረጋሁላቸው።

ቅምቀማውን ያደነቀችው እንግዳ ልብሱን የነካችበትን ጣት ቀስ ብላ በሶፋው ጨርቅ ጠረገች። የሶፋውን ጨርቅም የቀመቀምኩት እኔ ነኝ፤ አዝኜላት ዝም አልኩ።

ምራቴ የልጁን ልብስ ትገፍፍ ጀመር። ኮፍያው ወደዚያ፣ ሸሚዙ ወደዚህ። ልጁ መለመላውን ሆኖ ለቅሶውን አቀለጠው። «ሌላ አምጣ» አለችው ባሏን። አመጣ።

«እሱም የኔ ነው» አልኩ።

ሌላ አመጣ።

«እሱም።»

ፎጣ ይዞ መጣ።

«ጠርዙን እየው።»

መሳቢያው አለቀ። ልጄ ባዶውን መሳቢያ እንደታቀፈ «ተይ እንጂ እማዬ» አለኝ።

«ምኑን ልተው? ከተወለደ ጀምሮ በእጄ ሥራ ተጠቅልሎ ነው የከረመው። አንዲት ሽፍታ አሳየኝና እተዋለሁ።»

ሴቶቹ ሁሉ አንገታቸውን አሰገጉ። የልጁ ገላ ጥርት ያለ ነው። ምራቴ አፍራም ይሁን ተናዳ አልለየሁም፤ ልጁን ደረቷ ላይ ልጥፍ አድርጋ ከልብስ ክምር መሀል ቆማ ቀረች።

እንግዶቹ መካከል ገብቼ ተቀመጥኩና ጭኔን አመቻቸሁ።

«ስሚኝ የኔ ልጅ» አልኳት፣ «ሕፃኑ በርዶታል። የሚለብሰው ሁሉ የኔ እጅ ነው፤ ራቁቱን ደግሞ አታሳድጊውም።» ከዚያ ወደ ልጄ ዞርኩ። «አንተም ያንን መሳቢያ አስቀምጥና ከእናቱ ተቀብለህ አምጣልኝ። እዚህ ጭኔ ላይ አስተኛው፤ የማለብሰው እኔ ነኝ።»